አራሷስ እንዴት ናት?

በምዕራብ ጎጃም፣ በደምበጫ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል መንደሩ በእልልታ ይሰማል። ጎረቤት ቅቤውን፣ የገንፎ ዱቄቱን፣ አብሹን ይዞ ይመጣል፤ ገና ከደጃፍ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይላል። ቤቱ በጢስና በቅቤ ሽታ ይሞላል። ሕፃኑ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይዞራል፤ ማንን እንደሚመስል ይወራል፤ ጡት በደንብ መያዙ፣ ሌሊት መተኛቱ ይጠየቃል። አራሷ አናቷን ቅቤ ተቀብታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። «ብይ እንጂ፣ ጡትሽ ወተት እንዲያወርድ» ትባላለች። «ደህና ነሽ?» ይሏታል። «ተመስገን» ትላለች። ስለ እርሷ የሚጠየቀው እዚያ ላይ ያበቃል።

ከዚያ «ተመስገን» ጀርባ ያለውን ማየት አለብን እላለሁ። ከወለዱ እናቶች መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይብሳቸዋል፤ ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ። ይህ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። የማያልፍላቸው ግን አሉ። እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል፤ ምግብ ያስጠላቸዋል፤ ሰው ማየት አይፈልጉም፤ ልጃቸውን ሲያቅፉ ልባቸው አይሞቅም፤ «እኔ እናት ልሆን አልችልም» የሚል ሐሳብ ቀንና ሌሊት ይመላለስባቸዋል። ይህ የድኅረ ወሊድ ድባቴ ነው። ሕመም ነው፤ ይታከማል።

ቁጥሩም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ከወለዱ 100 ሴቶች 20 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ ከሁሉም የሚበዛው ድባቴ ነው። በእኛው በአማራ ክልል፣ በባሕር ዳር ከተማ በወለዱ እናቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከ100 እናቶች 22ቱ ላይ የድባቴ ምልክት አግኝቷል። ባሕር ዳር ሆስፒታሉም ባለሙያውም ያለበት ከተማ ነው። የደምበጫ ገጠር እናት ሸክም ከዚያ ይቀላል ብሎ ለማሰብ ምንም ምክንያት አላይም።

ይህ ሕመም የሆርሞን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ምክንያቶች ቤትና መንደር ውስጥ ያሉ ናቸው፦ ረዳት ማጣት፣ የባል ዱላ፣ ያልታሰበ እርግዝና፣ የልጅ መታመም ወይም መሞት፣ ድህነት። ስለዚህ ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ወጋችን ለአራስ ትልቅ ጥበቃ አበጅቷል። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ውኃ አትቀዳም፤ እንጨት አትለቅምም። የበኩር ልጅ ከሆነ ብዙ ጊዜ እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራስነቷ ይከበርላታል። ገንፎው፣ ቅቤው፣ የሴቶቹ መመላለስ ለአካሏ ብቻ ሳይሆን ለመንፈሷም ምርኩዝ ነበር። ተመራማሪዋ ሻርሎት ሃንሎንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ በቡታጅራ ገጠር ከእናቶች ጋር ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት፣ ሴቶቹ ከወለዱ በኋላ ለሚመጣው ጭንቀት ከነገሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፦ ሌላዋ ሴት ያገኘችው የአራስነት ወግ ለራሷ ሲጓደልባት የሚሰማት መገለልና ቅሬታ። ቡታጅራ ከጎጃም ሩቅ ቢሆንም ነገሩ እኛም መንደር ያለ ነው።

ወጉ በየትኛው ቤት እንደሚጎድል ማየት ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። በሰኔና በሐምሌ የወለደችን ሴት እንውሰድ። በደምበጫና በጃቢ ጠህናን በቆሎው የሚኮተኮተው፣ በርበሬው የሚተከለው፣ የጤፉ ማሳ የሚታረሰው ያን ጊዜ ነው። እናቷም እህቷም ማሳ ላይ ናቸው። ጎተራው የሚራቆተውም በዚያው ወቅት ነው። ቅቤ የሚገዛበት ገንዘብ ለማዳበሪያ ሄዷል። ባልየው ለአረም ወደ መተማ ወርዶ ከሆነ ሁሉ ነገር እሷው ላይ ይወድቃል። አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላት ወገቧን በመቀነት አስራ ምጣድ የምትጥድ፣ ልጇን አዝላ ምንጭ የምትወርድ አራስ በየቀበሌው አለች። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከተማ ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ከገጠር መጥታ በኪራይ ቤት የምትኖር ወጣት ሚስት እናቷ ሩቅ ናት፤ ጎረቤቷም በየሥራው ውሎ ማታ ነው የሚገባው። ቀኑን ሙሉ ከጨቅላ ልጇ ጋር አራት ግድግዳ ውስጥ ትውላለች።

ከዚህ የከፋው ባል ባለበት ቤት የሚደርሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ትዳር ካዩ 100 ሴቶች 34ቱ በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እርግዝናና አራስነት ከዚህ አያድኑም። አረቄ ጠጥቶ የሚገባ፣ ልጁ ሲያለቅስ እናቲቱን የሚሳደብ፣ ሴት ልጅ ስለወለደች ፊቱን የሚያዞር ባል ያላት አራስ ገንፎ በቅቤ ብትበላም ከጉሮሮዋ አይወርድም። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚል ተረት ዛሬም በየጠላ ቤቱ ሲነገር የሚስቅ አለ። እንደዚህ ያለውን ንግግር ሰምቶ ዝም ያለ ሽማግሌ ከኃላፊነቱ ጎድሏል።

ሳይታሰብ የመጣ እርግዝናም አለ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። ዕድሉ የሚያድገው ግን በእናቱ ጉልበት ነው። አምስት ልጅ በተከታታይ ወልዳ ስድስተኛውን ሳትፈልግ ያረገዘች ሴት፣ ወይም ገና በልጅነቷ ተድራ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰማት ድካም ብቻ አይደለም፤ ሕይወቷ ያለ እሷ ፈቃድ እንደተወሰነ ነው የሚሰማት። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ካደረገ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕጉ በየቤቱ ሥራ ላይ ቢውል ከዚህ ሕመም ከፊሉን ከምንጩ ያደርቅ ነበር።

በጣም የምትረሳው ግን ልጇ የሞተባት ወላድ ናት። በዚያው እ.ኤ.አ. የ2016 ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ በጸጥታ፣ አንዳንዴም ጓሮ ውስጥ ይቀበራል፤ ልቅሶ አይቀመጡለትም። እናትየው ጡቷ ወተት እያፈሰሰ ገንፎውም እልልታውም የለም። «ገና ትወልጃለሽ፣ ልጅ ነሽ» ይሏታል። ለማጽናናት ነው፤ ግን ሐዘኗ እንደ ሐዘን አልተቆጠረላትም። እንዲህ ያለችን ሴት ልክ እንደ ሌላው ሐዘንተኛ ሄዶ አጠገቧ መቀመጥ የማንንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ያለንበት ዘመንም ተጨምሮበታል። በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የምዕራብ ጎጃም እናት በተኩስ ድምፅ መካከል አርግዛ በተኩስ ድምፅ መካከል ወልዳለች። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ አይመጣም፤ ስልክ ሲቋረጥ የእናት ድምፅ እንኳ አይሰማም። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ከቤት መውጣት ይቻል አይቻል እንደሆነ ማሰብ ሲኖርባት ያ ፍርሃት ከወለደች በኋላ ወዲያው አይለቃትም።

ይህን ሁሉ የተሸከመች ሴት ለምን አትናገርም? ስለምታፍር ነው። «ማርያም ምራኝ እንዴት አማርራለሁ? ልጅ ያላገኘች ምን ትበል?» ትላለች። ቤተሰብ ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው፣ ዛር ነው ይላል፤ ወይም ሞልቃቃ ናት ይላታል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ተመራማሪው ተላከ አዛለና ባልደረቦቹ ከወለዱ ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት የሆናቸውን 3 ሺህ 147 ሴቶች ጠይቀው ነበር። የድባቴ ምልክት ከታየባቸው 385 ሴቶች መካከል ወደ ማንኛውም ጤና ተቋም የሄዱት 49 ብቻ ናቸው፤ የአእምሮ ሕክምና ያገኙት 16። ቀሪዎቹ ችለው፣ ጸልየው፣ ዝም ብለው ነው የሚኖሩት።

ጸሎቱንና ጠበሉን አልነቅፍም። የንስሐ አባት በብዙ ቤት የሴቲቱን ጭንቀት ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነው። በየደብሩ ያሉ ካህናት «ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው፤ ጤና ጣቢያም ሂጂ» ቢሉ ከማንኛውም ቅስቀሳ በላይ ይሰማሉ። ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ መድኃኒቶች እንዳሉም ቢታወቅ የብዙ እናት ፍርሃት ይቀንሳል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የማየው ነገር ደግሞ ያስቆጨኛል። በክትባት ቀን እናቶች በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። የሕፃኑ ካርድ ይታያል፤ ሕፃኑ ተገፍፎ ይመዘናል፤ ክብደቱ ይጻፋል፤ ጭኑ ላይ ይወጋል፤ «ዛሬ ሌሊት ቢያተኩሰው አትደንግጪ» ይባላል። ቀጣይ! የእናቲቱን ዓይን ቀና ብሎ ያየ የለም። ይህች ሴት ለ45 ቀን፣ ከዚያ በአንድ ወር፣ ከዚያም በሌላ አንድ ወር፣ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ደግሞ ለኩፍኝ በእግሯ ትመጣለች። ከእነዚህ ቀናት የተሻለ እሷን የሚጠይቁበት ጊዜ የለም። የድኅረ ወሊድ ድባቴን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀው የኤዲንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ እናቶች ላይ ተፈትኗል። አንዲት ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በጥቂት ደቂቃ ልትጠይቀው ትችላለች፤ መጻፍና ማንበብ ለማትችል እናት ጥያቄውን አንብባላት ማለት ነው።

ጠይቀን ካገኘን በኋላ የሚያክመው ከየት ይመጣል የሚል ሰው ይኖራል። ፓኪስታን መልሳለች። በራዋልፒንዲ ገጠር እንደ እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ የመንደር ሴቶች ድባቴ ያለባቸውን እናቶች ቤታቸው እየሄዱ በምክር እንዲያግዙ ሠለጠኑ። ተመራማሪው አቲፍ ራህማን የመራው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ልጆቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው ይህን ምክር ካገኙ 100 እናቶች 23ቱ፣ ካላገኙት ደግሞ 53ቱ በድባቴ ውስጥ ነበሩ። የሠሩት ሐኪሞች አይደሉም። እኛ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተገነባ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለን፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ፣ በየመንደሩ የሴቶች አደረጃጀት፣ የነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ አለ። ጤና ጣቢያዎች እናቶች ቤት እንዳይወልዱ ለማሳመን ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ጀምረው ውጤት አይተውበታል። ሰው የሚናፍቀውን ወግ ማክበር ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚያ ተምረናል።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የእናቲቱን መጠየቅ ከሕፃኑ መመዘን እኩል በክትባት ቀን ሥራ ውስጥ ያስገቡት። የታመመች እናት ስትገኝ ወደ ሆስፒታል የምትላክበት መንገድ አስቀድሞ ይታወቅ። ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ያሰበች፣ ወይም የማይታይ ነገር የምታይ፣ የማይሰማ ድምፅ የምትሰማ እናት ብቻዋን አትተው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትወሰድ። ባሎች፣ ውኃ መቅዳቱና ሌሊት ልጁን ማባበሉ አያሳፍራችሁ፤ ለሚስት የሚሠራ ባል ቤቱን ያቆመ ባል ነው። አማቶች፣ እናቶች፣ ጎረቤቶች፣ አራስ ስትጠይቁ እንግዳው እስኪወጣ ጠብቁ፤ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣችሁ «እንቅልፍ ይወስድሻል? ሆድ ይብስሻል? ማን ያግዝሻል?» በሏት፤ መልሷንም ሳታቋርጡ ስሟት። ከእነዚህ መካከል አዲስ በጀት የሚጠብቅ አንድም የለም፤ የቀረው ከሚመጣው የክትባት ቀን መጀመር ነው።