ሃይላንድ ሁሉን አይችልም

በወላይታ ሶዶ ባዶ ሃይላንድ የማይገባበት ሥራ የለም። ቦርዴ ይቀዳበታል፣ ወተት ይወሰድበታል፤ ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ መንገድ ዳር ተደርድሮ ለባጃጅና ለሞተር ይቸበቸብበታል። ላቫጆ ሲደርስ ክዳኑ በጋለ ሚስማር ይበሳና ሳሙና መርጫ ይሆናል። ይህን ሁሉ ብልሃት ብሎ ማድነቅ ተለምዷል። ዕቃ አለመጣል ደግ ነገር ነው፤ ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም። ጠቤ «ፕላስቲክ ያው ፕላስቲክ ነው» ከሚለው እምነት ጋር ነው። የመኪና ማጠቢያ ዕቃ የሚመረጠው በዚህ እምነት ነው፤ ሠራተኛውን የሚያቃጥለውም፣ ባለቤቱን በከንቱ ገንዘብ የሚያስወጣውም እሱ ነው።

ሶዶ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ በዳውሮ በኩልም ከጅማ የሚመጣ መኪና ይገባባታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች። ክረምት ላይ የዳሞታ ግርጌ ቀይ ጭቃ ቸርኬና ፓራፋንጎ ላይ ከደረቀ በውሃ ብቻ እሺ አይልም። ስለዚህ አጣቢው ወደ ብርቱው ነገር ይሄዳል፦ ለሞተር ቅባት ኮስቲክ ሶዳ ወይም ናፍጣ፣ ለምንጣፍ በረኪና፣ ለቸርኬ አሲድ። አራቱም ጠባያቸው ለየቅል ነው። የሚገቡት ግን አንድ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በውሃ ለቀጠነ ኦሞ ወይም ላርጎ ሃይላንድ ምንም አይልም። ጠርሙሱ የተሠራበት ፔት የሚባለው ፕላስቲክ ለስላሳ ሳሙናንም ሆነ ቀጭን አሲድን ይችላል። ቤንዚንን እንኳ ለአጭር ጊዜ ደህና ይይዛል። የሚሸነፈው በብርቱ አልካሊ ነው። ኮስቲክ ሶዳ የምግብ ዘይትን ወደ ሳሙና የሚለውጠው በዘይቱ ውስጥ ያለውን ኤስተር የተባለ ማያያዣ እየበጠሰ ነው፤ ፔትም የተያያዘው በዚያው ዓይነት ማያያዣ ነው። የጠርሙሱ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ይሰባበራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከታች ከመቀመጫው ነው። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ይህን ያውቁታል። ጠርሙስ የሚጓዝበትን ሰንሰለት የሚያለሰልሰው ፈሳሽ አልካሊ ከበዛበት የጠርሙሱ ቂጥ ይሰነጠቃል። እዚያ ያ የሚያመጣው የፈሰሰ ለስላሳ ብቻ ነው። ላቫጆ ውስጥ ግን ጠርሙሱ የተጨበጠው በባዶ እጅ ነው፣ ከውስጡ የሚወጣውም ኮስቲክ ነው።

በረኪና ሌላ ጣጣ አለው። ብርሃንና ሙቀት ያደክመዋል፤ ፋብሪካው ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ የሚያሽገው ለዚህ ነው። እኛ ግን ከዚያ እየገለበጥን በጠራ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን። ከሰነበተ በኋላ «ይሄ በረኪና ውሃ ነው» እያልን ነጋዴውን እንረግማለን፣ መጠኑንም እጥፍ እናደርጋለን። ሌባው ግን ፀሐይዋ ናት፣ በሩን የከፈትንላትም እኛው ነን። በሃይላንዱ ግርጌ ቸርኬ የታጠበበት አሲድ ተርፎ ከነበረ ደግሞ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል ነገር ነው።

ትንሽ ገንዘብ ያገኘው ላቫጆ ከገበያ ባለመርጫ ጠርሙስ ይገዛል። ሲገዛ የሚያየው ወፍራምነቱንና መልኩን ነው። የመርጫ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ የሚሞተው በራሱ እንጂ በሆዱ አይደለም። ምላጩ ውስጥ ትንሽ የብረት ሞላ አለች፤ በረኪናና አሲድ ያዝጓታል። ፈሳሹን የሚያትመው ላስቲክ ናፍጣ ወይም በነዳጅ የተበጠበጠ የጎማ ማብለጫ ሲነካው አንዳንዱ ዓይነት ያብጣል፣ ምላጩም አልመለስ ይላል። ከዚያ «የቻይና ዕቃ» ተብሎ ይጣላል። ቻይና ምን አደረገች? ለሳሙና የተሠራውን ናፍጣ ያጠጣነው እኛ ነን። የመርጫውን ራስ ፈትቶ ሃይላንድ ላይ መግጠምም አያዋጣም። የሁለቱ አፍ ስፋት ሲያዩት ቢመሳሰልም ጥርሱ ይለያያል፤ ግማሽ መንገድ ዞሮ ይቆማል፣ ከዚያ በክንድ ላይ ይንጠባጠባል።

በሌላ ወገን ደግሞ «ብርጭቆ ከሆነ አትጠራጠር» የሚሉ አሉ። አንዳንድ የቸርኬ ማጽጃ የፍሎሪን አሲድ አለበት፤ ያ ብርጭቆን ራሱን ይበላል። ደግሞስ እርጥብ እጅ፣ ሲሚንቶ ወለልና ብርጭቆ ምን አገናኛቸው?

እዚህ ድረስ ያወራሁት ስለ ገንዘብና ስለ ቆዳ ነው። የሚያስቆጣኝ ነገር ግን ኬሚስትሪ አይደለም። የባትሪ አሲድ ውሃ ይመስላል። በውሃ የቀጠነ በረኪናም እንዲሁ። ረዳቱ ከአርባ ምንጭ ሙቀት ወጥቶ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው ውሃ መፈለግ ነው፤ ላቫጆው ግድግዳ ሥር የተቀመጠው ሃይላንድ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ለአፉ ያነሣው ዕቃ ነው። እዚያ ላይ «ተጠንቀቅ» ማለት ምን ይረዳል? ዓይኑ የሚያየው የመጠጥ ጠርሙስ ነው፣ ጥፋቱም ያስቀመጠው ሰው ነው። ከተጠጣ በኋላ የምናደርገውም ያባብሰዋል። ጣት ከትቶ ማስመለስ የወረደው አሲድ ወይም ኮስቲክ ጉሮሮን ዳግመኛ እንዲያቃጥል ያደርጋል፤ ናፍጣ ከሆነ ወደ ሳንባ ይገባል። ቶሎ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው፤ ጠርሙሱንም አብሮ መያዝ፣ ሐኪሙ የተጠጣውን እንዲያውቅ።

«ምን ይደረግ፣ ድህነት ነው» የሚለውን መልስ አልቀበለውም። ተገቢው ዕቃ እዚያው ግቢ ውስጥ እየተጣለ ነው። ዘይት የሚቀየርበት ቦታ ሁሉ የሞተር ዘይት ባዶ ዕቃ ሞልቷል፤ የበረኪናው የራሱ ዕቃም አለ። አብዛኞቹ ብርሃን የማያሳልፉና ከወፍራሙ ፖሊኤቲሊን የተሠሩ ናቸው፤ ቂጣቸውን ገልብጦ ላየ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ታትሞበታል። ይህ የቁጥር አሠራር ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የፕላስቲኩን ዓይነት ይናገራል፣ ስለ ጥራቱ ግን ምንም አይልም። 2 ቁጥር ኮስቲክንም፣ በረኪናንም፣ የባትሪ አሲድንም ይሸከማል። 5 ቁጥርም ለእነዚህ የሚበቃ ነው። እነሱም ድክመት አላቸው፦ ቤንዚን ግድግዳቸውን አልፎ ቀስ እያለ ይተናል፣ ከጊዜ በኋላም ጎናቸው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የፕላስቲክ የነዳጅ ታንክ የሚሠሩ የመኪና ፋብሪካዎች ይህን ለማገድ ሌላ ዓይነት ሽፋን ይጨምሩበታል። ስለዚህ ነዳጅ በእነሱ አይቀመጥ። የፀረ ተባይ ባዶ ዕቃ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢሆን ላቫጆ አይግባ።

ወጣቶች ተደራጅተው ላቫጆ ሲከፍቱ ብድሩ የሚሰላው በፓምፑ፣ በታንከሩና በቦታው ኪራይ ነው። ለአሲዱና ለኮስቲኩ የሚሆን ዕቃ፣ ጓንትና የዓይን መነጽር በዚያው ወረቀት ላይ ቢሰፍር የብድሩን መጠን ብዙም አይለውጠውም። አሠሪውም የዘይት ዕቃውን አሳጥቦ ቀይ ክዳን ለአሲድ፣ ጥቁር ለኮስቲክ ብሎ መወሰን ይችላል፤ ጽሑፉ በእስክሪፕቶ ከሆነ ሳሙናው ራሱ ስለሚያጥበው ስሙ በጋለ ሚስማር ፕላስቲኩ ላይ ይጻፍ፣ በወላይትኛም በአማርኛም። ሚስማሩ እንደሆነ የሃይላንድ ክዳን ሲበሳበት የኖረው አለ።