የካራቫኑ ባትሪ



በዚህ ሳምንት ከቡታጅራ አካባቢ የማታ ተማሪዎች ደብዳቤ ደርሶናል። የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው። ከመንገድ ሥራ ካምፕ የተረፈ አሮጌ ካራቫን ገዝተዋል። ካራቫን ማለት ጎማ ያለው፣ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። ማታ ሊማሩበት አስበዋል። የመብራት መስመር ግን አልደረሰላቸውም። «እናንተ ወልቂጤዎች በባትሪ ታበራላችሁ አሉ፤ እንዴት አደረጋችሁት?» ብለው ይጠይቃሉ።

የሰማችሁት ስለ መብራታችን ነው። የመጀመሪያውን ባትሪ እንዴት እንደገደልነው ግን አልሰማችሁም። ከሱ ልጀምር።

ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ዘመዳችን ያገለገለ የታክሲ ባትሪ ይዞልን መጣ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ብዬ፣ ሳልጠይቅ ሳላነብ፣ በዚያው ቀን አምፖል አሰርኩበት። በራ! እልልታ ሆነ። ቆይቶ ስልክ መሙላት መጣ፤ ቀጥሎ ቴፕ መጣ። ባትሪው ቀን ሶላር ላይ ይውላል፤ ማታ ባዶ እስኪሆን እንጠቀምበታለን። ሦስት ወር አልሞላም። አንድ ማታ አንዲት እናት ስማቸውን ሊጽፉ ወደ ሰሌዳው ወጡ። ሁለት ፊደል እንደጻፉ ጨለመ። «ቀሪውን ነገ እጽፈዋለሁ፣ ልጄ» አሉና በዳበሳ ተቀመጡ። በማግስቱም ባትሪው አልተነሣም። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ምን አጠፋሁ? የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ መኪናው ሲሄድ መልሶ ይሞላዋል። በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ስስ ናቸው። በየማታው እስከ ታች ሲወርድ ይበላሻሉ። ለቤት የሚሆነው ሳህኑ ወፍራም የሆነው፣ የሶላር ባትሪ እየተባለ የሚሸጠው ነው። እሱም ቢሆን ባዶ መሆን አይወድም።

የቆጮ ጉድጓድ አስቡ። ባለሙያ ሴት ቀጣዩ እንሰት ሳይደርስላት ጉድጓዱን ጠርጋ አታወጣም። ባትሪም እንደዚያው ነው። ግማሹን ተጠቀሙ፤ ግማሹ ይቀመጥ። ሊትየም የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከግማሽ በታች ቢወርድ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

ታዲያ ግማሽ መድረሱ በምን ይታወቃል? በቁጥር ነው። በሶላሩና በባትሪው መካከል ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ሳጥን ይገባል። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ቁጥር ያሳያሉ። ማታ፣ አምፖሉ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ አንብቡት። 12.7 ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ካለ ግማሽ ደርሷል፤ ይበቃል፣ አጥፉ። በኛ ክፍል የሳምንቱ ተረኛ ቁጥሩን አንብቦ ደብተር ላይ ይጽፋል። ቁጥሩ የቮልት ነው። ቮልት የተባለው በ1800 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባትሪ በሠራው በጣሊያናዊው ቮልታ ስም ነው።

ሁለተኛውን ባትሪ በዕቁብ ገንዘብ ገዛን። ጎኑ ላይ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ይላል። 12 በ100 ሲባዛ 1200 ይሆናል። ይህ ዋት ሰዓት ይባላል። ግማሹ 600 ነው። የኛ ጎተራ ይኸው 600 ነው። አሁን ወጪውን እንቁጠር። ባለ 5 ዋት አምፖል አራት አለን፤ ሦስት ሰዓት ሲበሩ 60 ይበላሉ። አንድ ስልክ ለመሙላት ወደ 10 ገደማ ይፈልጋል፤ አሥር ስልክ 100 ማለት ነው። ቴፑ 20። በጠቅላላው በቀን 180። ፀሐይ ባትወጣ እንኳ ሦስት ቀን እንቆያለን።

እዚህ ላይ ጠብ ተነሣ። ባለ 100 ዋት ሶላራችን በበጋ ቀን ከ300 በላይ ያስገባል። በክረምት ደመና ግን ግማሹን እንኳ የማያስገባበት ቀን አለ። እኔ «ክረምት ስልክ ይቅር» አልኩ። «ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ሲደውሉ በምን ሊያገኙን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ክረምት በቀን ሦስት ስልክ ብቻ፣ በተራ እንዲሞላ ተስማማን። አንድ ሰው ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንሰካ ብሎ ነበር። ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። 600ውን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ አንድ እንጀራ እንኳ ገና ነው! ኩራዝ አይሻልም ወይ ያሉም ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሰው በኩራዝ ተምሯል። ጭሱ ግን ዓይን ያቃጥላል፤ በጠባብ ካራቫን ደግሞ ይብሳል።

ስለ አሠራሩ አጥብቄ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ አገናኙ፤ ሶላሩ ይከተላል፤ አምፖሉ የመጨረሻ ነው። ስትፈቱ በግልባጩ። ቀይ ሽቦ የ+ ነው፤ ጥቁር የ–። እኚያ እናት + የሚለውን አይተው «ይሄማ ተ ነው፤ ቀይ ሽቦ ተ ላይ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በኛ ክፍል የተሳሳተ የለም። በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ፊውዝ ይግባ። የካራቫኑ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። ሽቦ በቀዳዳ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይልጠዋል፤ እሳትም ይነሣል። ቀዳዳውን ጎማ አልብሱት።

ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ አየር ወደ ውጭ በሚወጣበት ሳጥን ይቀመጥ። ክብሪት፣ ሲጋራ፣ የቡና ከሰል አጠገቡ አይድረስ። ከሰል በተዘጋ ካራቫን ውስጥ ሰውንም ይገድላል፤ ቡናው ውጭ ይፈላ። በባትሪው ውስጥ ያለው አሲድ ቆዳ ያቃጥላል። ከነካችሁ በብዙ ውሃ ታጠቡ። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ፤ የጉድጓድ ውሃ ያበላሸዋል። የሞተውን ባትሪ እቤት አትስበሩ። እርሳሱ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። እኛ ሳንከፍተው ለቁራሌው ሸጥነው።

ሶላሩን ጣሪያው ላይ ወደ ደቡብ ጥቂት አዘንብሉት፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥብለታል። የባሕር ዛፍ ጥላ አንድ ጥጉን ቢነካው እንኳ ኃይሉ ብዙ ይቀንሳል። የናንተ ካራቫን ከምን ሥር እንደቆመ አልጻፋችሁም። የጣሪያውንም ርዝመትና ስፋት አልነገራችሁንም። ለክታችሁ በሚቀጥለው ደብዳቤ ላኩልን፤ ስንት አምፖል እንደምትፈልጉም ጨምሩበት።