የናኖ ፎስፈረስ ማዳበሪያና የምዕራብ ጎጃም አሲዳማ አፈር

ምዕራብ ጎጃም ከአማራ ክልል ትርፍ አምራች አካባቢዎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው በቆሎ፣ ስንዴ፣ ጤፍና በርበሬ በስፋት ይመረታሉ። ይሁን እንጂ የአካባቢው ቀይ አፈር ለረጅም ዘመን በከባድ ዝናብ ሲታጠብ በመቆየቱ በአሲዳማነት ተጠቅቷል። በመሆኑም አርሶ አደሩ በውድ ዋጋ ገዝቶ በማሳው ላይ ከሚጨምረው ፎስፈረስ አብዛኛው ሰብሉ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

የአፈር ሳይንስ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት የአፈር ፒ ኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ የሚገኙት አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን አጥብቀው ይይዙታል። ሰብል በአንድ የምርት ዘመን ከማዳበሪያው የሚያገኘው ፎስፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል።

ጉዳዩ የውጭ ምንዛሪም ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ስትጠቀምበት የነበረውን ዳፕ ከ2006 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ 38 በመቶ ፎስፌት በያዘው ኤን ፒ ኤስ መተካት ብትጀምርም፣ ሁለቱም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የዳፕ ዋጋ በቶን ከ900 የአሜሪካ ዶላር በላይ መድረሱ ጥገኝነቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳይቷል። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴ ፋብሪካም ዩሪያ የሚያመርት በመሆኑ፣ የናይትሮጂንን እንጂ የፎስፈረስን ጥያቄ አይመልስም።

በናኖ ቴክኖሎጂ የተዘጋጀ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ትኩረት የሳበው በዚህ ምክንያት ነው። ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ሲሆን፣ እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚደርሱ ቅንጣቶች ንጥረ ነገሩን በጥቂት መጠን ለተክሉ ያደርሳሉ ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት በአፓታይት ናኖ ቅንጣቶች የተመገበ አኩሪ አተር ከተለመደው የፎስፈረስ ማዳበሪያ 20 በመቶ ገደማ ብልጫ ያለው የፍሬ ምርት መስጠቱን ገልጿል። ሙከራው ግን የተካሄደው በእርሻ ማሳ ላይ ሳይሆን በግሪንሃውስ ውስጥ ነበር።

ለምዕራብ ጎጃም የበለጠ ትርጉም ያለው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ሌላ ጥናት ነው። ፎስፈረስን አጥብቀው በሚይዙ አፈሮች ላይ ስንዴ ተዘርቶ ሲፈተሽ፣ ናኖው ቅንጣት ከተለመደው የአፓታይት ዱቄት ቢሻልም በውሃ ከሚሟሟው ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት ያነሰ ውጤት አስመዝግቧል። ይህም በአንድ ስፍራ የተሳካው በሌላ አፈር ላይ እንደማይደገም ያመለክታል።

የህንድ ተሞክሮም ትምህርት ይሰጣል። የአገሪቱ የማዳበሪያ ኅብረት ሥራ ድርጅት ኢፍኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጥ ናኖ ዳፕ ለገበያ አቅርቧል። ፈሳሹ 16 በመቶ ፎስፌት የያዘ በመሆኑ በአንድ ጠርሙስ የሚገኘው 80 ግራም ብቻ ሲሆን፣ አንድ የ50 ኪሎ ግራም ዳፕ ከረጢት ግን 23 ኪሎ ግራም ይይዛል። ጠርሙሱ በቀላሉ መጓጓዙ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን ሰብሉ የጎደለውን ፎስፈረስ ከአፈሩ ክምችት የሚወስድ ከሆነ፣ የዛሬው ቁጠባ የነገ የአፈር ድህነት ይሆናል። በተጨማሪም በቅጠል ላይ የሚረጭ ማዳበሪያ የሚሰጠው ሰብሉ ቅጠል ካወጣ በኋላ ሲሆን፣ ፎስፈረስ ግን ገና ቡቃያ ሳለ ለሥር እድገት ያስፈልገዋል። በክረምት የሚጥለው የጎጃም ዝናብም ርጭቱን ሊያጥበው ይችላል።

ስለሆነም ቴክኖሎጂውን ማጣጣልም ሆነ ሳይፈትሹ ማሰራጨት አይበጅም። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው ያለው ቅርበት ምርቱን በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ለመፈተን አመቺ ነው። ፍተሻው ከአንድ የምርት ዘመን በላይ የሚዘልቅ፣ ኖራ በተጨመረበትና ባልተጨመረበት አፈር ላይ የሚካሄድ፣ ከተለመደው ኤን ፒ ኤስ ጋር የሚነጻጸርና ከአጨዳ በኋላ በአፈሩ የቀረውን ፎስፈረስ የሚለካ መሆን ይኖርበታል።

እስከዚያው ድረስ የተያዘውን ፎስፈረስ ለማስለቀቅ አስተማማኙ መንገድ አሲዳማነቱን በኖራ ማከም፣ ኮምፖስትና ፍግ መጠቀም እንዲሁም ማዳበሪያውን በመስመር ከዘሩ አጠገብ ማኖር ነው። ለአንድ ሄክታር በአሥር የሚቆጠር ኩንታል ኖራ ስለሚያስፈልግ ዋናው ማነቆ ማጓጓዣ ነው። የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ በደጀን አካባቢ እያለ የቡሬ አርሶ አደር ኖራ በወቅቱ ካልደረሰው፣ ክፍተቱ የቴክኖሎጂ ሳይሆን የአቅርቦትና የቅንጅት ነው። በየደረጃው የሚገኙ የግብርና ጽሕፈት ቤቶችና ዩኒየኖች ለኖራ አቅርቦት ለማዳበሪያ የሚሰጡትን ያህል ክትትል ካደረጉ፣ ናኖ ፎስፈረስም ፍተሻውን ሲያልፍ የሚያርፈው በታከመ አፈር ላይ ይሆናል።