የልጁ የቤት ሥራም አልቀረ

ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ሰላይ ሶፍትዌር ሲነሣ «እኔን ማን ብሎ ይሰልለኛል?» የሚል አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ሰው የኪዳኔን መዝገብ ማስነበብ ነው።

ኪዳኔ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ የኢትዮጵያን መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ሲከስ የተጠራበት ነው። ክሱ እንደሚለው፣ ከሰው ሰው ተላልፎ የደረሰው የወርድ ፋይል ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር ይዞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ፤ የስካይፕ ንግግሮቹም ለወራት ተቀዱ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለታሪክ የቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሳይቀር ተመዝግቧል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. «ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም» ብሎ ክሱን አልተቀበለም።

ሰላይ ሶፍትዌር የሚልክ የሚሰልለውን ሰው ይመርጣል፤ ሶፍትዌሩ ግን ኪቦርዱን የነካውን ሁሉ ይይዛል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ኪቦርድ ስንቱ ይነካዋል! ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተመልከቱ። ተማሪው መመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ያመጣል፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪ ያስጽፋል፣ ዲቪ ሲከፈት ቤተሰቡ ከነፎቶውና ከነልደት ቀኑ ይሞላል። ኢሜይሉን ሳይዘጋ የሚሄደውም ብዙ ነው። በእነዚህ ቤቶች ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ላይ የይለፍ ቃል የሚለቅም ሶፍትዌር ቢቀመጥ የማንንም ፖለቲካ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ገንዘብ ያለበትን አካውንት ነው።

ሕግ አለ ይባላል። አዋጅ 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትንም መጥለፍንም ወንጀል አድርጓል። ይሁንና የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ጃዋር መሐመድን ጨምሮ ውጭ አገር ያሉ ተቺዎች የእስራኤሉ ኩባንያ የሳይበርቢት ሰላይ ሶፍትዌር በሐሰተኛ የፍላሽ ፕሌየር ማዘመኛ ተሸፍኖ እንደተላከባቸው ገልጾ ዱካውን ኢትዮጵያ አድርሶታል። አዋጁ ከወጣ በኋላም አልቆመም! ከለላን ከአዋጅ ብቻ የሚጠብቅ ብዙ ይጠብቃል።

ለፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በክራኩ ዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በነጻ አለ፤ ጸሐፊዎቹ ግን ዊንዶውስ ላይ የሚሠራውን የአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግእዝን ስለለመዱ እሺ የሚሉ አይመስለኝም። ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ለልምምድ ሲወጡ በየሱቁ ዞረው ማሽኑን ቢያጸዱ፣ ባለሱቁም ለደንበኛ የተለየ አካውንት ቢከፍት ይሻላል። ደንበኛውም ኢሜይሉን በገዛ ስልኩ ከፍቶ ፋይሉን ብቻ ለባለሱቁ ይላክ፤ የይለፍ ቃሉን እዚያ ኪቦርድ ላይ አይጻፍ።