ፕሮሰሱ እስኪያልቅ ትምህርት ለምን ይቆማል?



በክፍሌ ውስጥ ባዶ ወንበሮች እየበዙ ነው። ልጆቹ አልታመሙም፤ ከካምፑም አልወጡም። ስማቸው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ ለኢንተርቪው ተጠሩ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተር መያዝ ተዉ። አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንደቀረ ብጠይቀው «ቲቸር፣ ፕሮሰስ ላይ ነን እኮ» አለኝ። እናቱም ይህንኑ ደገሙልኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ አነጋገር ነው። ሐሳቤን የማስረዳው ግን በአንድ የቴኒስ ተጫዋች ታሪክ ነው።

አብዛኞቻችሁ ቴኒስ ስላላያችሁ አጨዋወቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት ሰዎች በመረብ በተከፈለ ሜዳ ላይ ኳስ በራኬት ይመላለሳሉ። በታላላቅ የወንዶች ነጠላ ውድድሮች ጨዋታው እስከ አምስት ዙር ይሄዳል፤ ሦስት ዙር ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። አንድ ዙር ለመውሰድ ቢያንስ ስድስት ጌም ማግኘት ያስፈልጋል፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ባላጋራን በሁለት ጌም መብለጥ ግድ ነበር። ልብ በሉ! በእግር ኳስ አንድ ለዜሮ የሚመራ ቡድን ኳሱን ወደ ውጭ እየጠለዘ ዘጠናውን ደቂቃ ሊገፋ ይችላል። በቴኒስ ግን ጨዋታውን የሚጨርስ ሰዓት የለም። የመጨረሻዋን ነጥብ እስክታገኝ ድረስ ትጫወታለህ። ቆሞ በመጠበቅ የሚያሸንፍ የለም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ያሮስላቭ ድሮብኒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1921 በዚያን ጊዜዋ ቼኮዝሎቫኪያ፣ በፕራግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የቴኒስ ክለብ ሜዳ ጠባቂ ስለነበሩ ልጁ ለተጫዋቾች ኳስ እያቀበለ አደገ። በ1949 እንግሊዝ አገር በሚደረገው የዊምብልደን ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ በአሜሪካዊው ቴድ ሽሮደር ተሸነፈ። ጥቂት ቆይቶ ለሌላ ውድድር ስዊዘርላንድ ሳለ፣ መንግሥቱ ውድድሩን ትቶ እንዲመለስ አዘዘው። አልመለስም አለ። በእጁ የነበረው ጥቂት ሸሚዝና 50 ዶላር ብቻ እንደነበር በኋላ ተናግሯል።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። የጉዞ ወረቀት የለውም። ስዊዘርላንድን፣ አሜሪካንና አውስትራሊያን ጠየቀ፤ አልተሳካለትም። በመጨረሻ ዜግነት የሰጠችው ግብፅ ናት። እርሱ ግን መጫወቱን አላቆመም። በ1951 እና በ1952 በፓሪስ የሚደረገውን የፈረንሳይ ውድድር አሸነፈ። በ1952 እንደገና ለዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰ፤ እንደገናም በአውስትራሊያዊው ፍራንክ ሴጅማን ተሸነፈ።

በ1954 ተመልሶ ሲመጣ 32 ዓመቱ ነበር። ዓይኑ በበረዶ ሆኪ ጨዋታ ተጎድቶ ስለነበር የሚጫወተው መነጽር አድርጎ ነው። አዘጋጆቹ ጠንካራ ተጫዋቾችን በተራ ሲያስቀምጡ 11ኛ አድርገውት ነበር። በፍጻሜው የገጠመው ኬን ሮዝዎል ገና የ19 ዓመት ወጣት ነው። ውጤቱ 13 ለ11፣ 4 ለ6፣ 6 ለ2፣ 9 ለ7 ሆነ። የመጀመሪያውን ዙር ለመውሰድ ብቻ 24 ጌም ፈጀ! ድሮብኒ በግብፅ ስም የዊምብልደን አሸናፊ ሆነ። ውድድሩ ለባለሙያ ተጫዋቾች የተከፈተው በ1968 ስለሆነ የገንዘብ ሽልማት እንኳ አልነበረውም።

ይህን ስል ከወላጆች መካከል «እሱ እኮ ቀድሞ የታወቀ ሰው ነው፤ የእኛን ልጅ ማን ያውቀዋል?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ግብፅ በሯን የከፈተችው ለዝነኛ ተጫዋች ነው። እኔም ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ ፕሮሰሱ የፈጠነለት ልጅ አላየሁም፤ ይፈጥንላችኋል ብዬም አልዋሻችሁም። ማን መቼ እንደሚሄድ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ድሮብኒ ወረቀት እስኪገኝ ብሎ ራኬቱን ሰቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ ወረቀቱ በመጣ ጊዜ ክንዱ ሰንፎ ያገኘው ነበር። ወረቀቱን የሰጡት ሰዎች ናቸው፤ ክንዱን የጠበቀው ግን ራሱ ነው።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ሳልጨርስ የተሰደድኩ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት «ዛሬ ነገ እጠራለሁ» እያልኩ አንድ መጽሐፍ ሳልገልጥ አሳለፍኩ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። አልተጠራሁም። ጠመኔ ይዤ ክፍል በገባሁ ጊዜ የክፍልፋይ ሒሳብ ጠፍቶብኝ ማታ ማታ በፋኖስ እያጠናሁ ጠዋት አስተምር ነበር። እነዚያን ሁለት ዓመታት የሚመልስልኝ ቢሮ የለም።

ወላጆች ሆይ፣ ችግራችሁን አውቃለሁ። ልጁ ውሃ ይቀዳል፣ ራሽን ይሰለፋል፣ ታናናሾቹን ይጠብቃል። የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። የኢንተርቪው ቀን ልጁ ይቅር፤ በማግስቱ ግን ይመለስ። ጉዞው የተቆረጠለትም ልጅ እስከ መጨረሻው ሳምንት ይማር፤ ከመሄዱ በፊትም የውጤት ካርዱን ከትምህርት ቤቱ ይውሰድ። በሚደርስበት አገር ስንተኛ ክፍል እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ «ፕሮሰስ ላይ ነበርኩ» ማለት መልስ አይሆንም።

እናንተ ያቋረጣችሁ ልጆች ደግሞ፣ ሰኞ ጠዋት ኑ። ያመለጣችሁን ትምህርት ከሰዓት በኋላ እየቆየሁ እከልስላችኋለሁ። ለምን ቀራችሁ ብዬ አልቆጣም። ወንበራችሁንም ለማንም አልሰጠሁም።