የጠቆረ ስክሪንና የቸኮለ እጅ

ባለፈው ክረምት አንድ የምናውቀው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊኑክስን ጭኖ ደስ ብሎት ሲሠራበት ሰነበተ። አንድ ቀን ማታ ኮምፒዩተሩ «የታደሰ እትም መጥቷልና ልጫነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው እሺ አለና ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ጧት መጥቶ ቢከፍተው ስክሪኑ እንደ ከሰል ጠቁሮ ቆየው፤ ከላይ በስተግራ በኩል አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ወጣቱም ጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ካያት በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ፍላሽ ሰካ፤ ዲስኩን ጠራርጎ አጠፋ፤ ሊኑክስንም እንደ ገና ከሥሩ ጫነ። ከቀትር በኋላ ስክሪኑ በራ። ነገር ግን የስድስት ወር የሥራ ዘገባውና ለማታ ትምህርቱ የጀመረው የመመረቂያ ጽሑፍ አብረው ጠፍተው ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እርሱ ግን ያፈሰሰውን እንኳ ለመልቀም አልታደለም። ይልቁንም የሚያሳዝነው የተበላሸው ነገር በሃያ ደቂቃ የሚታረም መሆኑ ነው። ይህንን የምንጽፈው ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም። ስክሪን በጠቆረ ቍጥር አጥፍቶ እንደ ገና መጫን በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ እንደ ጥበብ ሲቈጠር ስላየን ነው። እኛ ከጥበብ አንቈጥረውም።

ለመሆኑ ያን ቀን የጠፋው ምን ነበር? የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነው። ድራይቨር በቃሉ ሾፌር ማለት ነው፤ ስሙን የማውጣት ሥልጣን ለእኛ ቢሰጠን ግን ቱርጁማን እንለው ነበር። ከርነል የሚሉት የሊኑክስ እምብርት አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ የሚሥለው ካርድ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ ያውም እንደ ፋብሪካውና እንደ ትውልዱ የሚለያይ ቋንቋ። ቱርጁማኑ ሲቀር ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ። አንዳንድ ጊዜም ዋናው ፕሮሰሰር የካርዱን ሥራ ራሱ ደርቦ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ስክሪኑ አይጠቁርም፤ ነገር ግን ፊልሙ ይንቀራፈፋል፥ ማራገቢያው ይጮኻል፥ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ባለቤቱ «ሊኑክስ ከባድ ነው» እያለ ያማርራል እንጂ ካርዱ ያለ ሥራ መቀመጡን አያውቅም። ኮምፒዩተሩ ስለ ግራፊክሱ ሲጠየቅ «ኤል-ኤል-ቪ-ኤም-ፓይፕ» የሚል ስም ከመለሰ ሥዕሉን የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋቸዋለን።) የኢንቴልና የኤ-ኤም-ዲ ካርድ ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ሊገረም ይችላል፤ ድራይቨር ፍለጋ ወጥቶ አያውቅምና። ኤ-ኤም-ዲ ካርድ ሠሪውን ኤ-ቲ-አይን በ2006 ገዝቶ በ2007 የካርዶቹን አሠራር የሚገልጹ ሰነዶች ለሕዝብ ለመክፈት መወሰኑን አስታወቀ። ዛሬ የሚሠራበት ኤ-ኤም-ዲ-ጂ-ፒ-ዩ የተባለው ድራይቨር በ2015 ከ4.2ኛው ከርነል ጋር ወጣ። ቱርጁማኑ ከቤቱ ውስጥ አብሮ ያደገ ስለ ሆነ ከርነሉ ሲታደስ እርሱም አብሮ ይታደሳል።

የኤንቪዲያ ነገር ግን እንደዚህ አልነበረም። ኩባንያው ለሊኑክስ ድራይቨር መሥራቱን አልተወም፤ ሥራውም ፈጣን ነበረ፤ ነገር ግን ዝግ ነው፥ ውስጡን ማየትና ማረም አይፈቀድም። ስለዚህ በፈቃዳቸው የተሰበሰቡ ሠሪዎች ካርዱ የሚያደርገውን ከውጭ እያዩና እየገመቱ ኑቮ የተባለ ድራይቨር ጻፉ። (ቃሉ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው።) ኑቮ በ2010 ከወጣው ከ2.6.33ኛው ከርነል ጋር ተቀላቀለ። ሰነድ ሳይሰጣቸው፥ በር ላይ ቆሞ የቤቱን ቋንቋ እንደሚማር ሰው እየሰሙ የሠሩት ሥራ ስለ ሆነ እኛ ከታላላቆቹ ሥራዎች እንቈጥረዋለን። ነገር ግን ከ2014 ወዲህ የወጡት ካርዶች የኩባንያው ማኅተም ያለበት ፈርምዌር ካልተሰጣቸው ፍጥነታቸውን ከፍ ማድረግ እንቢ አሉ። ኑቮም ካርዱን አስነሥቶ በእግር ከማስኬድ በላይ ማስጋለብ አቃተው። የሊኑክስን ከርነል በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንድ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ ኩባንያ ተጠይቆ በጋዜጣ ላይ ልንገልጸው የማይገባንን የጣት ምልክት በጉባኤ ፊት ማሳየቱ የታወቀ ነው። ምልክቱን አናደንቅም፤ ቍጣውን ግን እንረዳዋለን።

ኤንቪዲያ በ2022 ከከርነሉ ጋር የሚገናኘውን የድራይቨሩን ክፍል ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶች ከፈተ። መልካም ነው። ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ግን አሁንም ዝግ ነው።

ይህ ክርክር የባለሙያዎች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ነገር እናስታውሰው። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው እንቅስቃሴ ራሱ የመጣው ከአንድ የማተሚያ መሣሪያ ጣጣ ነው። በ1980 ገደማ በአሜሪካ በኤም-አይ-ቲ በሰው ሠራሽ አእምሮ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፥ የቀድሞው ማተሚያ ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ ማተሚያ ሲመጣ ግን የፕሮግራሙ ጽሑፍ አብሮ አልመጣም። ጽሑፉ በእጁ የነበረውን የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሄዶ ቢለምነው «ላልሰጥ ቃል ገብቻለሁ» ብሎ መለሰው። ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያስታውቅ ይህ ነገር ከልቡ አልወጣም ነበር። እንግዲህ ድራይቨር የነጻ ሶፍትዌር ዳር ሳይሆን በሩ ነው ብንል አናጋንንም።

ከዚህ ተነሥተው ዝጉን ድራይቨር መንካት ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኛ ከነርሱ ጋር አንስማማም። ኩዳ በተባለው የኤንቪዲያ የስሌት መሣሪያ የሚማር ተማሪ፥ ካርዱ የዚያ ኩባንያ ከሆነ ዝጉን ድራይቨር ጭኖ ትምህርቱን ይማር። ካርዱን እርሱ አልመረጠውም፤ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ አብሮት የመጣ ነው። ነገር ግን ዋጋውን ዐውቆ ይክፈል። ይህ ቱርጁማን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከርነሉ በታደሰ ቍጥር ከአዲሱ ከርነል ጋር የሚስማማ ሆኖ እንደ ገና መሠራት አለበት። ይህን ሥራ ባብዛኛው ዲ-ኬ-ኤም-ኤስ የሚባል መሣሪያ ሰው ሳይጠይቅ ይሠራዋል። ለመሥራት ግን ሄደር የሚባሉት የአዲሱ ከርነል ፋይሎች መገኘት አለባቸው። እነርሱ ከሌሉ ከርነሉ ይታደሳል፥ ድራይቨሩ ይቀራል፥ ጧት ስክሪኑ ይጠቁራል። በመካከሉ መብራት ቢሄድም ያው ነው። የወጣቱም ነገር ይኸው ሄደር የጠፋበት ነበር።

ሌላው መሰናክል ሴኪዩር ቡት ነው። ይህ ማኅተም የሌለበትን ድራይቨር በር ላይ የሚመልስ ዘበኛ ነው። ኡቡንቱን በመሰሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ድራይቨሩ ሲጫን አንድ የይለፍ ቃል አውጣ ይባላል፤ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ሲከፈትም ሰማያዊ ገጽ ይመጣና «ቁልፉን ልመዝግብ ወይ?» ይላል። አንድ ቁልፍ እንዲነካ የሚጠብቀው ዐሥር ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። ብዙው ሰው በዚያን ሰዓት ቡና ሊያመጣ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ በዲስኩ ላይ አለ፥ ከርነሉ ግን አያስገባውም፤ በመዝገቡም ላይ ቁልፉ ተቀባይነት እንዳላገኘ ጽፎ ያስቀምጣል። ይህንን አንድ መስመር ያላነበበ ሰው ያንኑ ድራይቨር አምስት ጊዜ ሲጭን አይተናል፤ ያውም ጠቅላላው በመቶ የሚቈጠር ሜጋባይት የሚመዝን ስለ ሆነ፥ በየጊዜው ከሚገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ላይ እየቀነሰ።

ከሁሉ የምናጥብቀው ነገር እንግዲህ ማንበብን ነው። ስክሪን ሲጠቁር ኮምፒዩተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ሲነሣ የሚመጣውን ዝርዝር ከፍቶ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ይቻላል፤ ሊኑክስ አሮጌውን ከርነል ወዲያው አይጥለውምና የትናንቱ ቱርጁማን ከትናንቱ ከርነል ጋር እዚያው ተቀምጦ ይገኛል። ይህም ባይሆን ኮንትሮል፥ አልትና ኤፍ-3 የሚባሉትን ቁልፎች አንድነት ሲጫኑ ጽሑፍ ብቻ የሚቀበል ገጽ ይከፈታል። እዚያ ገብቶ «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ» የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከ«ኬ» ፊደል ጋር የጻፈ ሰው፥ ካርዱ የማን እንደ ሆነና የትኛው ድራይቨር እንደ ያዘው፥ ወይም ምንም እንዳልያዘው ያያል። «ጆርናል-ሲ-ቲ-ኤል» የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ከተነሣበት ሴኮንድ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ በተራ ያነብለታል። መዝገቡ ረጅም ነው፤ እንግሊዝኛውም ደረቅ ነው። ነገር ግን ያልገባንን መጽሐፍ ደግመን የምናነበውን ያህል እርሱንም ብናነበው አይጐዳንም።

አንዳንዱ ተማሪ ከዚህ ይልቅ ሌላ ሰው ለሌላ ካርድ የጻፈውን ትእዛዝ ገልብጦ ያስገባል። አንዱ ሲያቅተው ሁለተኛውን፥ ሁለተኛው ሲያቅተው ሦስተኛውን ይደራርባል። ለጎረቤት የታዘዘ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። በማግሥቱ የመጀመሪያው በሽታ ቢድን እንኳ የሦስቱ መድኃኒቶች መርዝ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው የሊኑክሱ መጋዘን ያዘጋጀው ጥቅል እያለ ከኩባንያው ቀጥታ የወረደውን ፋይል በላዩ ላይ መጫን ነው። ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ ሲጣሉ ለማስታረቅ ሽማግሌ አይገኝም።

አሮጌ ካርድ ያላቸውም አሉ፤ በአገራችን ካገለገሉት ላፕቶፖች መካከል እነዚህ ብዙ ናቸው። ኤንቪዲያ ድራይቨሩን በቍጥር እየለየ ይጠብቃል፤ የጡረታ ጊዜውም ሲደርስ ይተወዋል። የ390 ቍጥር ድራይቨር በ2022 መጨረሻ ላይ ተትቷል። ማክስዌልና ፓስካል ለተባሉት ትውልዶች 580 የመጨረሻቸው መሆኑን ኩባንያው በ2025 አስታውቋል። የተተወው ድራይቨር በአሮጌው ከርነል ጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ አዲስ ከርነል ሲመጣ ግን የሚያስታርቀው የለም። ያን ጊዜ ወደ ኑቮ መመለስ ነው። ለደብዳቤ፥ ለሠንጠረዥና ለፊልም ይበቃል፤ ብዙዎቹ እንደሚያጣጥሉት አይደለም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ግን በግዥው ቀን በአንድ ጥያቄ ሊቀር ይችል ነበር። ባየናቸው የኮምፒዩተር ግዥ ዝርዝሮች ላይ የሜሞሪው መጠን፥ የዲስኩ መጠን፥ የስክሪኑ ስፋት ይጻፋል፤ «ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው ወይ?» የሚል መስመር አላየንም። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፥ ገዢው ቍጥሩን ያያል እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ መሣሪያውን ማን እንደሚጠብቀው አያይም። ለደብዳቤ መጻፊያ የሚሆን ኮምፒዩተር ላይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅም የለም።

ወጣቱ ባለፈው መጋቢት እንደ ገና ደወለልን። «ጋሼ፥ ደግሞ ጠቆረ» አለን። ፍላሹን ከኪስህ አውጥተህ ለጓደኛህ ስጠው፥ ከዚያ የቀድሞውን ከርነል መርጠህ ግባና መዝገቡን አንብብልን አልነው። ሳል እያለ፥ እንግሊዝኛውን እየተረጐመ፥ በስልክ አነበበልን። ከብዙ መስመር በኋላ «ለአዲሱ ከርነል ሄደር አልተገኘም ይላል» አለና ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። «ክረምትም ይኸው ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዎን አልነው። የጐደሉትን ፋይሎች አውርዶ፥ ድራይቨሩ እንደ ገና ተሠርቶ፥ ስክሪኑ እስኪበራ ድረስ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት፤ ከዚህም ውስጥ ግማሹ ኢንተርኔቱን መጠበቅ ነበር።

በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ዐሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ሊገዛ የፍላጎት ዝርዝር አዘጋጅ ተብሎ ታዞ ነበርና፥ ከሜሞሪውና ከዲስኩ ሥር ስለ ድራይቨሩ አንድ መስመር ጨመረበት። ዝርዝሩ ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ ከግዥ ክፍል አልተመለሰም።