ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ከቤት ምን ይፈልጋል?

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሽንሽቾ፣ በአንጋጫና በዶዮገና የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦችን የሚመለከት ነው። ይኸውም አንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ለመጨረስ አንድ ዓመት የቀረው ልጅ በቤቱ ውስጥ ምን እርዳታ ሊደረግለት ይገባል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ክፍሉ ጥቂት እንበል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይቆጠር ስለ ነበር፣ «ሚኒስትሪ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ግን አንደኛ ደረጃ በስድስተኛ ክፍል ያበቃል። ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ሆነዋል። ይህ አከፋፈል ከ1986 ዓ.ም. በፊት ለተማሩ ወላጆች እንግዳ አይደለም። እንግዲህ የዐሥራ ሁለትና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጆቻችን በስድስተኛ ክፍል መጨረሻ ክልላዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል ማለት ነው።

«ገና ልጅ ነው፤ ሲያድግ ይጠነክራል» የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን በአገራችን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የመምህራኑም፣ የመጻሕፍቱም፣ የትምህርት ቤቶቹም ሁኔታ ድርሻ አለው። ቢሆንም በ12ኛ ክፍል የሚታየው ድክመት በዚያው ዓመት የበቀለ አይደለም። ክፍልፋይን ሳይረዳ ስድስተኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ በላይኛው ክፍል የሚመጣው ሒሳብ ሁሉ ይጨልምበታል። አንድ ገጽ አንብቦ ፍሬ ነገሩን በራሱ አነጋገር መናገር ያልቻለም፣ የትኛውም የትምህርት ዓይነት ይከብደዋል።

ታዲያ ከቤት የሚጠበቀው ምንድን ነው? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ፈተና ሲቃረብ ልጁን እስከ እኩለ ሌሊት አስቀምጦ ማስጠናት የዓመቱን ጉድለት አይሞላም። የሚጠቅመው በየቀኑ የማይቀር አጭር ጊዜ ነው። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሃሪስ ኩፐር ስለ ቤት ሥራ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ፣ የቤት ሥራ ጥቅም ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ባሉት ተማሪዎች ላይ ጎልቶ እንደሚታይ፣ ከዚያ በታች ባሉት ላይ ግን አነስተኛ መሆኑን አመልክተዋል። በዚያ አገር ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት መለኪያ ለአንድ ክፍል 10 ደቂቃ የሚል ነው። በዚህ ስሌት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ ይበቃዋል። ስለዚህ እናት ልትጨነቅበት የሚገባው ነገር የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን ሰዓቱ በየቀኑ መጠበቁ ነው።

ይህችን አንድ ሰዓት ለማግኘት የቤቱን ውሎ መመልከት ያስፈልጋል። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ ቁርስም ይሁን ምሳ ይብላ፣ ጥቂት ይረፍ፣ ይጫወት። ቀጥሎ ጀንበር ሳትጠልቅ በጽሑፍ የሚሠራውን ይጨርስ፤ መብራት የሚጠፋበት ምሽት አይታወቅምና። መብራት በጠፋበት ምሽት ደግሞ በቃል የሚጠየቀው፣ እንደ ማባዛት ሠንጠረዥና እንደ እንግሊዝኛ ቃላት ያለው፣ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል። ጧት 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ እንግዲህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ዓይኑ ይከፈት እንጂ ጆሮው አይሰማም።

ብዙ ቤቶች አንድ ክፍል ብቻ እንዳላቸው እናውቃለን። ለብቻው የሚሆን ክፍልና ጠረጴዛ ባይኖረው፣ አንድ ዱካና እንደ ጠረጴዛ የሚያገለግል ሣጥን በቋሚ ቦታ ቢቀመጥለት በቂ ነው። በዚያች ሰዓት ሬዲዮው ዝም ቢል፣ ቴሌቪዥኑ ቢዘጋ፣ የእናትና የአባት ስልክ ከልጁ እጅ ቢርቅ፣ ይህ ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው። በመስከረም ትምህርት ተከፍቶ ብዙ ሳይቆይ የሐዲያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ ይመጣሉ። በዓሉ በደስታ ይከበር፤ ነገር ግን በዓሉ ባለፈ ማግሥት የጥናቷ ሰዓት ትጀምር እንጂ እስከ ጥር አትጠብቅ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። «እኔ ራሴ አልተማርኩም፤ በምን እረዳዋለሁ?» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ገበያ ውላ የምትገባውም፣ እንሰት ስትፍቅ የምትውለውም ይህን ትላለች። የተማረችዋ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛም «ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጧል፤ አልገባኝም» ትላለች። እውነት ነው፣ በእነዚህ ከተሞች የሚያድግ ልጅ በቤት ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ ይናገራል፣ በመንገድና በገበያ አማርኛ ይሰማል፣ ከፍ ወዳሉት ክፍሎች ሲሻገር ደግሞ ሒሳቡንና ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ይማራል። ሦስት ቋንቋ ለአንድ ልጅ ጭንቅላት ቀላል ሸክም አይደለም። ብዙ ልጆችም የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ትርጉሙን ሳያውቁ በቃላቸው ይሸመድዱታል።

ነገር ግን እናት የምትረዳው እዚህ ላይ ነው። ማስተማር የመምህሩ ሥራ ነው፤ የእናት ሥራ መጠየቅና መስማት ነው። «ዛሬ ስለ ምን ተማራችሁ? መጽሐፉን ዝጋና በእኛ ቋንቋ አስረዳኝ» ትበለው። ልጁ ስለ ውኃ ትነት የተማረውን በሐዲይኛ ለእናቱ ማስረዳት ከቻለ ገብቶታል ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚቀረው ቃላቱን መያዝ ብቻ ነው። ማስረዳት ካልቻለ ግን፣ ደብተሩ በተስተካከለ ጽሑፍ ቢሞላም፣ ትምህርቱ ገና አልደረሰበትም። ያን ጊዜ እናት «ነገ መምህርህን ይህን ጠይቅ» ብላ ትሸኘው። መጽሐፍን ዘግቶ ከራስ ማስታወስ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ትምህርቱን በአእምሮ እንደሚያስቀር በብዙ ጥናት የታየ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው የሚሰማ ሰው እንጂ ዲፕሎማ አይደለም።

አያቶችም አይረሱ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ሐዲይኛና ከምባትኛም ከእነዚያ መካከል ነበሩ። በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠሩ ሴቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። የተማሩት በግዕዝ ፊደል ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው የእናት ቋንቋቸውን የሚጽፉት ግን በላቲን ፊደል ነው። ቢሆንም አያት የልጁን አማርኛ ንባብ ልትሰማ፣ ልታርም ትችላለች። እርሱም በላቲን የተጻፈውን የእናት ቋንቋ ቢያነብላት ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሌላው ነገር በቤት ውስጥ ሥራ ያለው አድልዎ ነው። ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ እናቷ ገበያ ስትውል ወጥ ትሠራለች። በዚያው ቤት ያለው ወንድሟ ግን ኳስ ሲጫወት ቆይቶ ሲመለስ መብራቱም፣ ወንበሩም የእርሱ ነው። ሥራ ለልጅ ጎጂ አይደለም፤ ያሳድጋል። የሚጎዳው ለአንዷ ብቻ መሆኑ ነው። ወንዱም ጀሪካን ይያዝ፣ ቤት ይጥረግ። እንሰት በሚፋቅበት ሰሞንም ልጅቷ ከትምህርት ቀርታ እንድትረዳ ከማድረግ ይልቅ ሥራውን በቅዳሜ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጃገረዶች የወር አበባ ማየት ይጀምራሉ። እናት አስቀድማ በግልጽ ብትነግራት፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስና ሳሙና ብታዘጋጅላት፣ ልጅቷ በየወሩ ጥቂት ቀን ከክፍል አትቀርም። በየወሩ ሦስት ቀን ብትቀር በዐሥር ወር ሠላሳ ቀን ማለት መሆኑን ልብ እንበል።

በከተሞቻችን ከገጠር ቀበሌ መጥተው በዘመድ ቤት ተጠግተው የሚማሩ ልጆችም አሉ። ወላጆቻቸው የላኩአቸው እንዲማሩ ነው። የቤቱ ልጆች ደብተር ሲይዙ የዘመድ ልጅ ምጣድ ሥር ከሆነች፣ አደራው ተበልቷል። የጥናቷ ሰዓት ለቤቱ ልጆች ሁሉ እኩል ትሁን።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ልጁ ስለ ነገው የሚሰማው ቃል ነው። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙትን ፎቆች ልጆቹ ያውቋቸዋል፤ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ዘመድ በላከው ገንዘብ የተሠራው የትኛው እንደሆነ ይነግሩናል። ገንዘቡ ብዙ ቤተሰብ ደግፏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ፊት «ወንድሙ ይጠራዋል፤ ትምህርቱን ምን ያደርግለታል?» ሲባል፣ በዚያች ቀን የቤት ሥራው ትርጉም ያጣል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ቢቆጣም፣ እናት ብትለምንም ልጁ በልቡ ጉዞ ጀምሯል።

መንገዱም የሚወራለትን ያህል ቀና አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ግዛት አንድ የጭነት መኪና ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን በኮንቴይነሩ ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። የእነዚህ ሁሉ እናቶች አንድ ቀን ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝተው ነበር። ልጅ መሄድን ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ያየውን ነው የሚመኘው። እንግዲህ ሌላም ነገር እናሳየው። በሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አሉ። ወላጅ በአንድ ቅዳሜ ልጁን ይዞ በበራቸው ቢያልፍ፣ ጎረቤት ያለችውን ነርስ፣ በባንክ የሚሠራውን ዘመድ፣ የመብራት ሠራተኛውን «አንተ ስድስተኛ ክፍል ሳለህ ምን ይከብድህ ነበር?» ብሎ ቢያስጠይቀው፣ ልጁ በትምህርት የደረሰ ሰው በቅርቡ መኖሩን ያያል።

ይህ ማለት ግን «ዶክተር ካልሆንክ ልጄ አይደለህም» ማለት አይደለም። ከአንደኛ በታች ለወጣ ልጅ ፊት የሚነሣ ወላጅም ይጎዳል። ከሁሉ ልጆች አንደኛ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው። ልጁ መነጻጸር ያለበት ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ነው፤ ባለፈው ወር ያልቻለውን ክፍልፋይ ዘንድሮ በኅዳር ከቻለ፣ ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው።

በመጨረሻም መምህሩን እንጎብኝ። ብዙ ወላጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጁ ሲጣላ ወይም በሰኔ ካርድ ሲሰጥ ነው። በሰኔ የተነገረ ድክመት ግን አይታከምም። አባትም ይሁን እናት በኅዳርና በየካቲት አንዳንድ ጊዜ የክፍሉን ኃላፊ መምህር አግኝተው «በየትኛው ትምህርት ይደክማል? በቤት ምን እናድርግ?» ብለው ቢጠይቁ፣ መምህሩም ከጀርባው ወላጅ ያለው ልጅ መሆኑን ያውቃል። ገበያዋን ትታ መሄድ የማትችል እናት ጧት ደጁ ሲከፈት ለአምስት ደቂቃ ብታነጋግረው ይበቃል።

እንግዲህ እናቶች፣ ከዛሬ ምሽት ጀምሮ አንድ ነገር እንሞክር። እራት ከመቅረቡ በፊት የልጃችንን ደብተር እንቀበለው፣ ማንበብ ባንችልም ገጹን እየገለጥን መምህሩ በቀይ ያሰመረበትን እንፈልግ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ብለን በራሳችን ቋንቋ እንጠይቀው። መልሱንም ሳናቋርጥ እንስማው።